ሐኪም ሳያይ ኮምፒውተር ያነበበው የዓይን ፎቶ፦ ልንመነው ይገባል?

ጥያቄ፦ «አባቴ 63 ዓመቱ ነው፤ ስኳር ከያዘው 11 ዓመት ሆኖታል። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ሳምንት መደበኛ ሐኪሙ ዘንድ ለክትትል ሲሄድ ረዳቷ አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ዓይኑን ፎቶ አነሳችው። ጠብታ አልተደረገለትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 'ከቀላል በላይ የሆነ የስኳር የዓይን ጉዳት አልተገኘም፤ ከ12 ወር በኋላ ይመለሱ' የሚል ወረቀት ሰጡት። ያነበበው ኮምፒውተር ነው፤ የዓይን ሐኪም አላየውም። አባቴ 'ሰው ሳያየኝ እንዴት ደህና ነህ ይሉኛል?' ብሎ ተቆጥቷል። እኔም ልመነው አልመነው ግራ ገብቶኛል። ደብረ ብርሃን ያለች አክስቴም ስኳር አለባት፤ ዓይኗን ታይታ አታውቅም። የአጎቴ ልጅ 'በስልክ ፎቶ አንስተን ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) እንስጠው' ይላል። ይሆናል? ለነገሩ አባቴ ከሁለት ሳምንት ወዲህ በግራ ዓይኑ ትንንሽ ዝንብ የሚመስል ነገር ውልብ ይልብኛል ይላል፤ ከዕድሜ ነው ብለን ትተነዋል።»

መልስ፦

እኅቴ፣ መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር። «ለነገሩ» ብለው በጨረፍታ ያነሱት ከሌላው ጥያቄዎ ሁሉ ይብሳል። አባትዎን በዚህ ሳምንት፣ ከተቻለ ነገውኑ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ብሌናቸው በጠብታ ሰፍቶ የዓይናቸው ጀርባ እስከ ዳር ዳሩ መታየት አለበት። ዝንብ የሚመስለው ነገር ድንገት ከበዛ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ካዩ፣ ወይም ከአንድ ወገን መጋረጃ የወረደባቸው ከመሰላቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በእሳቸው ዕድሜ ዓይን ውስጥ ውልብ የሚል ነገር መታየቱ ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። የዓይንን ውስጥ የሚሞላው እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር ከዕድሜ ጋር እየቀጠነ ከሬቲናው፣ ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን፣ ሲላቀቅ የሚጥለው ጥላ ነው። ነገር ግን ሲላቀቅ ሬቲናውን ይዞ ሊቀድደው ይችላል። ስኳር 11 ዓመት በቆየበት ሰው ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ይታሰባል፤ በሬቲናው ላይ አዲስ የበቀለ ደካማ የደም ሥር ጠብ ያደረገው ደም። ሦስቱ ለታማሚው አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚታዩት። የሚለያቸው ምርመራ ነው።

የተሰጣችሁ ወረቀት ይህን አይለይም፤ እንዲለይም አልተሠራም። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲፈቅድ ለማን እንደማይሆንም አብሮ ጽፏል። ዓይኑ ብዥ የሚልበት ሰው፣ ዕይታው የቀነሰ፣ ውልብ የሚል ነገር የሚያይ፣ ከዚህ በፊት ዓይኑ ላይ ሌዘር፣ መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በዚህ መሣሪያ መመርመር የለበትም። ነፍሰ ጡርም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያለባቸው ናቸው። ምናልባት ረዳቷ አባትዎን ጠይቃቸው ይሆናል። እሳቸውም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይሆናል፤ አባቶቻችን ሐኪም ፊት የሚሰጡትን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብረው ይግቡና ስለ ዝንቡ እርስዎ ይንገሩ።

አሁን ወደ ማሽኑ። በወረቀቱ ላይ ያለውን አነጋገር ሳየው ይህ አይነቱ መሣሪያ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ኤፍዲኤ አይዲኤክስ ዲአር የተባለውን ሥርዓት ፈቀደ። የሠሩት የአይዋ ዩኒቨርሲቲው የሬቲና ሐኪም ማይክል አብራሞፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዛሬ ሉሚኔቲክስኮር በሚል ስም ይጠራል። በየትኛውም የሕክምና ዘርፍ ሐኪም ውጤቱን ሳይተረጉምለት ራሱ እንዲወስን የተፈቀደለት የመጀመሪያው ኤአይ ይህ ነው። በ2020 አይአርት፣ በ2022 ደግሞ ኤአይ ዲኤስ ተከትለውታል። አባትዎ የታዩበት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ክሊኒኩን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል፤ መብትዎ ነው፣ ይጠይቁ።

ማሽኑ ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ፎቶውን አብረን እንየው። ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ክብ ይታያል፤ ያ ሬቲና ነው። በአንድ ወገን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሳንቲም የሚያህል ክብ አለ፤ የዓይን ነርቭ የሚገባበት በር ነው። ከዚያ የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋሉ። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለች ቦታ አለች፤ መጽሐፍ የምናነብባት፣ ሰው የምንለይባት ማኩላ ናት። ስኳር የቆየበት ሰው ፎቶ ላይ ደግሞ ቀይ ስክሪብቶ በጫፉ ነካ ነካ ያደረገው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የስስ ደም ሥር ግድግዳ ተዳክሞ ያበጠባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ማይክሮአኑሪዝም እንላቸዋለን። አብዛኞቹ ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጡም። ሲባባስ ቀይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል የደም ነጠብጣብ ይጨመራል። የቅቤ ጠብታ የመሰሉ ቢጫ ነጥቦች ከመጡ ደም ሥሩ ቅባት እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ባዘቶ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ያ ቦታ ደም ተቋርጦበታል። በመጨረሻም ደም የተጠማው ሬቲና አዲስ ደም ሥር ያበቅላል። ያ አዲስ ሥር ነው ክፉው፤ ስስ ነው፣ ይፈነዳል፣ ጠባሳው ሬቲናን ይጎትታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዓመታት በፊት አንዲት የእህል ነጋዴ እናት የንባብ ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡልኝ፤ እኔ ራሴ ያን መስመር ለማንበብ መነጽር እፈልጋለሁ። ፎቷቸው ላይ ግን በሁለቱም ዓይን አዲስ ሥር በቅሏል። ሌዘር ያስፈልጋል ስላቸው «ልጄ፣ እያየሁ ምኑን ነው የምታክመኝ?» አሉኝ። የዚህ በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የሌዘር ሕክምና ከባድ የዕይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ የሚጠቅመው ግን ሰውየው ገና እያየ ሳለ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ደህና ነኝ የሚለውን ሰው በየዓመቱ መፈለግ ግድ ይላል። ያን ሁሉ ሰው በየዓመቱ የሚያይ የዓይን ሐኪም ደግሞ አሜሪካም የላትም፤ ኢትዮጵያማ ጭራሽ የላትም። ማሽኑ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ ውስጥ ተመራማሪዎች እነዚያን ቀይ ነጠብጣቦች በኮምፒውተር ለመቁጠር ሞክረው ነበር። ስኮትላንድ ከ2011 አካባቢ ጀምሮ በአገር አቀፍ የልየታ ምርመራዋ በሽታ የሌለበትን ፎቶ ኮምፒውተር እንዲለይ አድርጋለች። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2016 ነው። የጉግል ተመራማሪዎች 128,175 የሬቲና ፎቶዎችን 54 የዓይን ሐኪሞች እንዲያነቧቸው አደረጉ፤ እያንዳንዱን ፎቶ ከሦስት እስከ ሰባት ሐኪም አየው። ከዚያ ለኮምፒውተሩ ስለ ማይክሮአኑሪዝም አንድም ነገር ሳይነግሩት ፎቶውንና የሐኪሞቹን ፍርድ ብቻ ሰጡት። እሱም ከሚያየው ጋር የሐኪሞቹን ፍርድ እያስተያየ፣ ሲሳሳት እየተስተካከለ ተማረ። አይቷቸው በማያውቃቸው ፎቶዎች ላይ ሲፈተን ወደ ሐኪም መላክ ካለባቸው ከመቶ ወደ 97 የሚሆኑትን ለየ።

የአብራሞፍ መንገድ ይለያል፤ እኔም በግሌ ወደዚያ አደላለሁ። የእሳቸው ሥርዓት ሐኪም የሚፈልጋቸውን ምልክቶች፣ ነጠብጣቡን፣ ደሙን፣ ቢጫውን ቅባት ለየብቻ የሚፈልጉ ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ ያገኙትን አንድ ላይ አድርጎ ይወስናል። ለምን እንደዚያ እንዳለ መጠየቅ ይቀላል። ሌላም ማወቅ የሚገባዎት ነገር አለ፤ የተፈቀደው ሥርዓት ተቆልፏል። በየቀኑ ከሚያየው ሰው እየተማረ አይለዋወጥም፤ የተፈተነው ነው ዛሬ የሚሠራው።

ለመፈቀድ የቀረበው ጥናት 900 የስኳር ታማሚዎችን ያካተተ ሲሆን የተካሄደው በ10 የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒኮች ነው። ፎቶ ያነሱት የዓይን ባለሙያዎች አልነበሩም፤ የአራት ሰዓት ሥልጠና የወሰዱ የክሊኒክ ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ፎቶ ነው የሚያየው። የተነጻጸረው ግን በዊስኮንሲን ያለ የፎቶ ንባብ ማዕከል ሰፋ ያሉ ፎቶዎችንና የሬቲናን ውፍረት የሚለካውን የኦሲቲ ምርመራ ጨምሮ ከሰጠው ፍርድ ጋር ነው። ከቀላል በላይ ጉዳት ካለባቸው 198 ታማሚዎች 173ቱን አገኘ፤ 25 አመለጡት። ጤነኛ ከሆኑት ከመቶ 90 ገደማ የሚሆኑትን በትክክል ደህና ናቸው አለ።

«25 ሰው አመለጠው?» ብለው እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። እንግዲህ በጣት እንቁጠረው። አንድ ክሊኒክ የሚከታተላቸው 1000 የስኳር ታማሚዎች አሉት እንበል፤ ከእነሱ ውስጥ 100ዎቹ ከቀላል በላይ ጉዳት አለባቸው ብለን እንነሣ። ማሽኑ ከመቶው 87ቱን ይይዛል፣ 13ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 900 ጤነኞች 810ሩን ደህና ይላል፣ 90ውን በስህተት ወደ ሐኪም ይልካል። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት የሚይዙት 823 ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ በእርግጥ ጉዳት ያለበት 13 ነው፤ ከ63 ሰው አንድ እንደማለት። «ተገኝቷል» ከተባሉት 177 ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሐኪም ሲያያቸው ደህና ይሆናሉ። ማሽኑ «ተገኝቷል» ቢል ዕይታ ጠፋ ብሎ ቤተሰቡ ለቅሶ መቀመጥ የለበትም፤ «አልተገኘም» ቢልም ለአምስት ዓመት መርሳት አይደለም። በየዓመቱ መደጋገሙ ነው ያመለጠውን የሚይዘው።

ወረቀቱ ላይ ያለውን «ከቀላል በላይ» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ ይበሉ። አልተገኘም ማለት ሬቲናው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት ቀይ ነጠብጣብ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ገና ሌዘር ወይም መርፌ የሚያስፈልገው ደረጃ ስላልሆነ ማሽኑ በዝምታ ያልፈዋል። መድኃኒቱ የስኳርና የደም ግፊት መጠንን መቆጣጠር ነው። የአባትዎ ኤዋንሲ (የሦስት ወር ገደማ አማካይ የደም ስኳር ልክ) ስንት እንደሆነ ካላወቁ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ይሁን።

አባትዎ «ሰው ሳያየኝ» ብለው መቆጣታቸው ይገባኛል። ግን እንደ ፎቶ አንባቢ አንድ እውነት ልንገራቸው። ሰውም ያመልጠዋል። አንድ ቀን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፎቶ ሳነብ፣ ከሰዓት በኋላ የማያቸው ነጠብጣቦች ጠዋት ካየኋቸው ያንሳሉ፤ ታማሚዎቹ ተለውጠው ሳይሆን ዓይኔ ደክሞ ነው። በ2018 የወጣ የጉግል ጥናት የሬቲና ስፔሻሊስቶችን አሰባስቦ ሐኪሞች በብዙኃን ድምፅ የሰጡትን ፍርድ እየተወያዩ እንዲመረምሩት አደረገ። ካገኟቸው ልዩነቶች 36 በመቶው የታለፈ ማይክሮአኑሪዝም ነበር። በዚያው ጥናት ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ፎቶ በየጎኑ ከ299 ፒክስል ወደ 779 አሳደጉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሬቲና ፎቶ እንደ ቴምብር ሲያንስ ያቺ ፀጉር የምታህል ነጥብ ትጠፋለች፤ የሌለችን ነገር ደግሞ ሰውም ማሽንም አያገኝም።

ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው መልስ ነው። ማሽኑ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ አይደለም የሚለው፤ «ፎቶው አይነበብም» የሚልበትም ጊዜ አለ። የሞራ ግርዶሽ ካለ፣ ብሌኑ ጠባብ ከሆነ፣ ሰውዬው ከተርገበገበ ፎቶው ይደበዝዛል። ለመፈቀድ በቀረበው በዚያ የአሜሪካ ጥናት ከአራት ሰው ለአንዱ ገደማ የብሌን ማስፊያ ጠብታ ተደርጓል፤ ከዚያ በኋላ ነው 96 በመቶው የተነበበው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁት ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፤ «አይነበብም» የተባሉት ሰዎች ወረቀት «አልተገኘም» ከተባሉት ጋር በአንድ ፋይል ገብቶ ነበር። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ፋይሉ ሁለት ኪስ ብቻ ስለነበረው ነው። ሳገላብጥ ካገኘኋቸው አንድ አዛውንት ከአንድ ዓመት በላይ «ደህና» ተብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ስንጠራቸው የግራ ዓይናቸው በደም ተሞልቶ ነበር። ፎቶ የማይነበብለት ሰው ከሌላው የበለጠ የታመመ የመሆን ዕድል አለው፤ ስለዚህ «አይነበብም» የሚለውን እንደ «ተገኝቷል» ቆጥራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሁሉም ማሽን አንድ አለመሆኑንም ልንገርዎ። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ከአምስት ኩባንያዎች የመጡ ሰባት አልጎሪዝሞችን በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ፎቶዎች ላይ ፈትኗል፤ ከ23,724 ሰዎች የተወሰዱ 311,604 ፎቶዎች። ጥሩው ከታመሙት 86 በመቶውን ሲይዝ ደካማው የያዘው 51 በመቶውን ብቻ ነው። ያ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። በአንድ ቦታ ፎቶ ላይ ጎበዝ የሆነ ሌላ ካሜራ፣ ሌላ ሕዝብ ሲያጋጥመው ይሰንፋል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የቆዳችን ቀለም ከዓይናችን ውስጥም አለ፤ የእኛ ሬቲና ከነጮቹ ጠቆር ያለ ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ በጠቆረ መደብ ላይ ደብዛዛ ይሆናል። ስለዚህ «በማን ዓይን ነው የተማረው? በማን ዓይን ነው የተፈተነው?» ብሎ መጠየቅ የዘር ጉዳይ ማንሣት አይደለም፤ የሕክምና ጥያቄ ነው። ደስ የሚለው፣ በአፍሪካ ውስጥ ጥሩ መልስ የሰጠ ሥራ አለ። በ2019 በወጣ ጥናት፣ ሲንጋፖር ውስጥ የተሠራ ሥርዓት በዛምቢያ ኮፐርቤልት 1,574 ሰዎች ላይ ተፈትኖ፣ ወደ ሐኪም መላክ ካለባቸው ከመቶ 92ቱን፣ ዕይታን ከሚያሰጋው ደረጃ ላይ ከደረሱት ደግሞ ከመቶ 99ኙን ለይቷል። በአፍሪካውያን ዓይን ላይ መሥራት ይችላል፤ ግን መፈተን አለበት።

የማሽኑን ወሰን በአጭሩ ላስቀምጥ። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሌላ በሽታ) አልፈለገም። የሞራ ግርዶሽ አልፈለገም። የሬቲናውን ዳር አላየም፤ ፎቶው መሐሉን ነው የሚያነሣው፤ ለአባትዎ የሰጋሁት ቅዳጅ ካለ የሚገኘው ደግሞ ዳር ላይ ነው። የማኩላ እብጠትንም በጎን ምልክት ነው የሚገምተው፤ ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፣ ውፍረትን አያሳይም። ለዚያ ኦሲቲ ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህ ፎቶ የዓይን ምርመራን አይተካም፤ ለአንዲት ጥያቄ ብቻ የተሰጠ መልስ ነው፦ «ይህ ሰው በስኳር ምክንያት የዓይን ሐኪም ያስፈልገዋል?»

ወደ አክስትዎ እንምጣ። የአጎትዎ ልጅ አሳቢ ልጅ ነው፤ ሐሳቡ ግን አይሠራም። በስልክ ፍላሽ የሚነሣ ፎቶ የሚያሳየው ሽፋሽፍቱን፣ ነጩንና ብሌኑን ነው። ስኳር የሚጎዳው ከብሌኑ ኋላ፣ ከውስጥ ነው፤ ያን ለማየት ብርሃኑን በብሌኑ አስገብቶ ተመልሶ ሲወጣ የሚይዝ ሌንስ ያስፈልጋል። ሌንስ ተገጥሞለት በሠለጠነ ሰው እጅ ስልክ ሬቲናን ማንሣት ይችላል፤ ሕንድ ውስጥ እንዲህ ባለ ካሜራ ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ኤአይ ይሠራበታል። የአጎትዎ ልጅ ያሰበው ግን ይህን አይደለም። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የኤአይ ማውሪያ ፎቶውን ቢቀበል የዓይን ሽፋኗን አይቶ «ጤነኛ ይመስላል» ሊል ይችላል። ዓይኗን ታይታ የማታውቅ ሴት ያን ሰምታ ሌላ ሦስት ዓመት ትቀመጣለች። እንዲህ ያለ የተሳሳተ እፎይታ ካለመመርመር ይብሳል።

ትክክለኛው ካሜራ ቢኖርም ሥራው በካሜራው እንደማያልቅ ታይላንድ ታስተምረናለች። የጉግል ሥርዓት በፓቱም ታኒና በቺያንግ ማይ በ11 ክሊኒኮች ሲሞከር ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን ማሽኑ አይነበቡም ብሎ መለሰ። ክፍሎቹ ማጨለም የማይቻሉ ነበሩ፤ ብሌን በብርሃን ይጠብባል። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ወረፋው ይረዝማል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የጎበዘ ማሽን በመጋረጃ እጦት ተሸነፈ። ሩዋንዳ ደግሞ ሌላውን ገጽ አሳየችን። በዶክተር ዋንጂኩ ማቴንጌ የተመራ ጥናት 275 ሰዎችን በሁለት ከፈለ፤ ለአንዱ ወገን ውጤቱ በኤአይ እዚያው ተነገረ፣ ሌላው ሰው አንብቦት እስኪደርስ ጠበቀ። ሪፈር ከተባሉት ውስጥ ውጤቱን እዚያው ከሰሙት 51.5 በመቶው ዓይን ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ፣ ከጠበቁት የደረሱት 39.6 በመቶ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም ቁጥር ይህ ይበልጥብኛል። ሰው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ሲነገረው ይሄዳል። ያም ሆኖ ግማሹ ቀርቷል፤ የመንገዱን፣ የትራንስፖርቱን፣ የአጃቢውን ጉዳይ ማሽን አይፈታም።

አክስትዎ ስኳር እንዳለባቸው በታወቀ ጊዜ ነው ዓይናቸው መታየት የነበረበት። ዓይነት ሁለት ስኳር ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል በታወቀበት ቀን ጉዳቱ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። አሁንም አልረፈደም። የስኳር ክትትል የሚያደርጉበት ሐኪም ጋ «የዓይን ጀርባዬ በጠብታ ይታይልኝ» ብለው ሪፈር እንዲጽፉላቸው ይጠይቁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የቆየ የዓይን ክፍል አለው። ሌዘር ወይም መርፌ ቢያስፈልግ የሬቲና ባለሙያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ቀድሞውንም እዚያ መታየቱ መመላለስን ይቀንሳል። ገንዘብ የመላክ ሐሳብ ካለዎት ለስልክ አፕ ሳይሆን ለዚህ ጉዞ ይላኩ።

የአባትዎን ነገር ደግሞ፦ የዓይን ሐኪሙ ካያቸውና የዝንቡ ምክንያት ከታወቀ በኋላ፣ ሐኪሙ ወደ ዓመታዊ ልየታ ሊመልሳቸው ይችላል፤ በማሽን ይሁን ወይስ በሰው እሱ ይወስን። ሌዘር ወይም መርፌ ከጀመሩ ግን ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ የማሽን ፎቶ እናንሣ ቢል እምቢ ይበሉ፤ ለእሳቸው አይሆንም። የዘንድሮውን ፎቶ ቅጂ ወረቀት ላይ ሳይሆን በዲጂታል ጠይቀው ያስቀምጡ፤ ከርሞ የሚያያቸው ሐኪም ከአዲሱ ጎን አድርጎ ሲያየው ያቺ ቀይ ነጥብ አዲስ ትሁን ነባር ይለያል። አባትዎም አክስትዎም ሲሄዱ የሚመልሳቸው ሰው አብሯቸው ይሁን፤ ጠብታው ለሰዓታት ብዥ ያደርጋል፣ ፀሐይም ያስቸግራል። አባትዎ መኪናቸውን ራሳቸው ልንዳ ቢሉ ቁልፉን እርስዎ ይያዙ።